ስሙን የሚደብቅ ራውተር፦ ከስምንት ወር በኋላ የተጻፈ ግምገማ

ይህ ግምገማ ጅማ ውስጥ ሄርማታ መርካቶ አካባቢ ካለ አንድ የኤሌክትሮኒክስ መደብር ገዝቼ ስምንት ወር ስለተገለገልኩበት የቤት ራውተር፣ ማለትም ኢንተርኔቱን በዋይፋይ ለቤቱ ስለሚያከፋፍለው ዕቃ ነው። ራውተሩ አራት አንቴና ያለው፣ በሁለት ዓይነት ሞገድ፣ ሩቅ በሚደርሰው በ2.4 እና ፈጣን በሆነው በ5 ጊጋኸርዝ የሚሠራ፣ በመደርደሪያው ላይ ከተደረደሩት መካከል ዋጋው መካከለኛ የሆነ ዕቃ ነው። የአምራቹንም ሆነ የመደብሩን ስም አልጠቅስም። ከዚህ በታች የማነሣው ቅሬታ በብዙ ራውተሮች ላይ የሚያጋጥም ስለሆነ፣ ስሙን ብጽፍ አንባቢው ሌላ ዓይነት ገዝቶ በዚያው ችግር እንዳይያዝ እሰጋለሁ። ዋጋውንም አልጽፍም፤ እኔ ከገዛሁ ወዲህ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል።

በመጀመሪያ የሚመሰገንበትን ላስቀድም፤ አጭር ነውና። ቤታችን ወደ ጂረን በሚያወጣው መንገድ ዳር የሚገኝ፣ ዋናው ቤት በብሎኬት የተሠራ፣ ከጓሮ ያሉት ሦስት የሰርቪስ ክፍሎች ግን ጭቃ ሆነው በሲሚንቶ የተለሰኑና ቆርቆሮ የለበሱ ናቸው። የቀድሞው ራውተር ሞገድ ከሳሎን አልፎ ጓሮ ሲደርስ ይሞት ነበር። ይህኛው በ2.4 ጊጋኸርዝ እስከ መጨረሻው ክፍል ድረስ ይደርሳል፤ ክረምቱ ጅማ ላይ ረጅም እንደመሆኑ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሰው ድምፁን ጨምሮ ቪዲዮ ሲያይ እንኳ አልተቆራረጠም። በስምንት ወር ውስጥ ራሱ ራውተሩ ቆሞ ያስቸገረኝ አንድ ቀን ብቻ ሲሆን፣ እሱም የአዳፕተሩ ሶኬት ስለላላ ነበር። በዕቃው ጉልበት በኩል ቅሬታ የለኝም።

ቅሬታዬ ያለው በማስተካከያ ገጹ ላይ፣ ያውም "የዋይፋይ ስም ደብቅ" በሚለው አንድ ምልክት ማድረጊያ ሣጥን ላይ ነው። ይህች ሣጥን እኔን፣ ታላቅ እህቴን፣ የሰርቪስ ክፍሎቹን የተከራዩትን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና አንድ ማተሚያ ማሽንን ለሦስት ሳምንት ያህል አመሰቃቅላለች።

ነገሩ የጀመረው መደብሩ ራውተሩን እንዲገጥምልኝ በላከው ወጣት ባለሙያ ነው። ገጠማው ከዋጋው ጋር የሚሰጥ ስለሆነ ተጨማሪ ክፍያ አልተጠየቅሁም፤ ልጁም ጨዋና ፈጣን ነበር። ገመዱን ከላፕቶፑ ጋር አገናኝቶ ገጹን ከከፈተ በኋላ፣ "ጋሼ፣ ጎረቤት እንዳይጠቀምብዎት ስሙን ደብቀነው እንሂድ? ከደበቅነው ማንም አያየውም" አለኝ። እኔም የቀድሞውን የይለፍ ቃል የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ያውቀው ስለነበር ሐሳቡ ጥሩ መስሎ ታየኝ። "ታዲያ ስሙን ምን እንበለው?" ሲለኝ፣ ከመንገዱ ላይኛው ጫፍ ያለውን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት አስቤ "የአባጅፋር ሰፈር ቤት በለው" አልኩት። ጻፈው፣ አስቀመጠው፣ ገጹም ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ተቀበለው። ኢንተርኔቱ በገመድ መሥራቱን አሳይቶኝ ሻይ ጠጥቶ ሄደ።

ማታ ላይ ስልኬን ይዤ ተቀመጥኩ። ስሙ ስለተደበቀ በዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ በእጅ መጻፍ ያስፈልጋል። "ኔትወርክ ጨምር" የሚለውን ነክቼ "የአባጅፋር ሰፈር ቤት" ብዬ ስጽፍ፣ የመጨረሻዋን "ት" እንደጨመርኩ "አስቀምጥ" የሚለው ቁልፍ ደበዘዘ፤ ከሥሩም ስሙ ረዝሟል የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ። "ት"ን ሳጠፋት ቁልፉ ይበራል፤ ስመልሳት ይደበዝዛል። ራውተሩ ያለ ችግር የተቀበለውን ስም ስልኩ አልቀበልም ማለቱን ሳይ ስልኩ የተበላሸ መሰለኝ። በእህቴ አይፎን ሞከርኩ፤ እሱም አላገኘውም። ያን ሌሊት ቤቱ ውስጥ የሚሠራ ኢንተርኔት ነበር፤ የሚጠቀምበት ግን አልነበረም።

በማግስቱ ላፕቶፔን በገመድ ከራውተሩ ጋር አገናኝቼ፣ በማሰሻው ላይ 192.168.1.1 ጽፌ የማስተካከያ ገጹን ከፈትኩ። በስም መጻፊያው ቦታ ላይ የተቀመጠው "የአባጅፋር ሰፈር ቤ" ይላል። "ት"ዋ የለችም። ቆረጣት፤ መቁረጡንም አልተናገረም።

ምክንያቱ ለአማርኛ ጸሐፊ በተለይ የሚመለከት ስለሆነ ትንሽ ልዘርዝረው። እ.ኤ.አ. በ1997 ከወጣው ከመጀመሪያው የዋይፋይ መስፈርት ጀምሮ የአንድ ኔትወርክ ስም ከ32 ባይት (ኮምፒውተር ጽሑፍን የሚለካበት ትንሽ መለኪያ) መብለጥ አይችልም። በላቲን ፊደል ለሚጽፍ ሰው አንድ ፊደል አንድ ባይት ስለሆነ 32 ፊደል በቂ ነው፤ ብዙዎቹ ወሰን መኖሩን ሳያውቁ ይኖራሉ። የግዕዝ ፊደል ግን ዩኒኮድ በሚባለው በተለመደው የኮምፒውተር አጻጻፍ እያንዳንዱ ሦስት ሦስት ባይት ይይዛል። ስለዚህ በአማርኛ ስም የሚሰጥ ሰው ከአሥር ፊደል በላይ መሄድ አይችልም። የእኔ ስም አሥራ አንድ ፊደልና ሁለት ክፍት ቦታ፣ በድምሩ 35 ባይት ነበር፤ ራውተሩ በ32ኛው ላይ ሲቆርጠው ልክ "ቤ" ላይ አረፈ። የስልኩ ማስጠንቀቂያ እውነቱን ነበር፤ ዋሾው ራውተሩ ነው። ስሙ ባይደበቅ ኖሮ "የአባጅፋር ሰፈር ቤ" የሚል ጎዶሎ ስም በዝርዝሩ ላይ አይቼ፣ ስቄ፣ ነክቼው እገባ ነበር። የተደበቀ ስም ላይ ያለች ስሕተት ግን ከስሙ ጋር አብራ ትደበቃለች።

እንግዲህ ስሙን አሳጠርኩና "ጂረን ሰፈር" አልኩት፤ 19 ባይት ብቻ ነው። የእኔ ስልክ ገባ። የተማሪዎቹም ገባ። የእህቴ ግን አሁንም አልገባም። ሦስት ጊዜ ጻፈችው፤ ሦስቱንም ጊዜ አልተገኘም። ስልኳን ተቀብዬ ጠጋ ብዬ ሳየው ነገሩ ገባኝ።

"እትዬ፣ የጻፉት በንጉሡ ሠ ነው" አልኳት።

"ታዲያስ? ሰፈር አይደለም እንዴ የሚለው?"

"ራውተሩ ላይ የተጻፈው በእሳቱ ሰ ነው።"

"ሠላሳ ዓመት አስተማሪ ሆኜ ለዚህ ብዬ ለአንድ ልጅ ማርክ ቀንሼ አላውቅም። ማሽንህን አርመው።"

ልክ ነች። ለእኛ ዓይን "ሰፈር" እና "ሠፈር" አንድ ቃል ነው፤ ለማሽን ግን እንደ "ቤት" እና "በግ" የተለያዩ ናቸው። በሀ፣ ሐ እና ኀ፣ በአ እና ዐ፣ በጸ እና ፀ የሚጻፍ ስም ሁሉ ይህ ጣጣ አለበት። በዚያ ላይ የስልክ ሰሌዳዎች ቃል ሲጠቁሙ አንዱ በንጉሡ፣ ሌላው በእሳቱ ያመጣል፤ አንዳንዱም ከቃሉ በኋላ ራሱ ክፍት ቦታ ይጨምራል። ከመጨረሻው ፊደል ቀጥሎ የገባች ባዶ ቦታ በዓይን አትታይም፤ ለራውተሩ ግን ተጨማሪ አንድ ፊደል ናት። ላቲን የሚጠቀሙትም ትልቁንና ትንሹን ፊደል ካልለዩ እንዲሁ ይሳሳታሉ። በግልጽ ከሚታይ ዝርዝር ላይ ስም ነክቶ መግባት ይህን ሁሉ ፈተና ያስቀራል፤ ስም የደበቀ ሰው ቤተሰቡን በሙሉ የፊደል ፈተና ላይ ያስቀምጣል።

እዚህ ላይ አንባቢ "ታዲያ መደበቁ ለደኅንነት ይጠቅም ከሆነ ይህን ያህል መድከም አይከፋም" ሊል ይችላል። እኔም ለሁለት ሳምንት ያህል እንዲሁ ብዬ ነበር። ነገር ግን መደበቅ የሚባለው ምን እንደሚሠራ ሳጣራ ያገኘሁት ሌላ ነው።

ማንኛውም የቤት ራውተር "እዚህ አለሁ" የሚል አጭር ምልክት በሰከንድ አሥር ጊዜ ያህል ያሰራጫል። በዚህ ምልክት ውስጥ ስሙ፣ የሚሠራበት ቻናል (በሞገዱ ውስጥ የያዘው መስመር)፣ የሚጠቀመው የምስጠራ ዓይነትና የመሣሪያው መለያ ቁጥር አብረው ይሄዳሉ። ስሙን ደብቅ ሲባል ራውተሩ ዝም አይልም፤ ምልክቱን እንደ ወትሮው በዚያው ፍጥነት መላኩን ይቀጥላል፤ የስሙን ቦታ ብቻ ባዶ ያደርገዋል። ስለዚህም ነው የጎረቤቴ ላፕቶፕ በዝርዝሩ ውስጥ "የተደበቀ ኔትወርክ" የሚል መስመር ከነሞገዱ ጥንካሬ የሚያሳየው። ማንም አያየውም ያለኝ ልጅ በዚህ ተሳስቷል፤ እንዲያውም ስም አልባ መስመር በዝርዝር ውስጥ ከስም ካላቸው ይልቅ የሰውን ዓይን ይስባል።

ከዚህ የባሰው ደግሞ የስልኩ ሥራ ነው። ራውተሩ ስሙን ስለማይናገር፣ ስልኩ ራሱ "ጂረን ሰፈር አለህ ወይ?" እያለ መጥራት አለበት። ጥሪው አይመሰጠርም፤ በአቅራቢያው ሆኖ የአየር ሞገድን በነጻ ፕሮግራም የሚያዳምጥ ሰው ስሙን በቀጥታ ያነብበዋል። ራውተሩም ለጥሪው ሲመልስ ስሙን ይናገራል። ይኸውም ቤት ውስጥ ብቻ አይደለም፤ ስልኬ ኔትወርኩን እንደተደበቀ አድርጎ ከመዘገበው በኋላ መርካቶ ገበያ ስገባ፣ መናኸሪያ ስቆም፣ አዌቱ ወንዝ ዳር ስሄድ ሁሉ የቤቴን ስም እየጠራ ይዞራል። ስም መደበቅ የቤትን ታርጋ ነቅሎ ለልጆቹ ሰጥቶ "በየመንገዱ እየጮኻችሁ ሂዱ" እንደማለት ሆነብኝ። የአንድሮይድ ስልክም ሆነ አይፎን ይህን ያውቃሉ፤ አንድሮይድ የተደበቀ ኔትወርክ ሲጨመር ስልኩ በየጊዜው ምልክት ስለሚልክ ስጋት ሊፈጠር እንደሚችል ይጽፋል፤ አይፎን ደግሞ በኔትወርኩ ስም ሥር ስለ ግል መረጃ ማስጠንቀቂያ ያሳያል። የእህቴ ስልክ ያን ማስጠንቀቂያ ሲያሳይ "ቤታችን ቫይረስ ገብቷል እንዴ?" ብላ ጠይቃኝ ነበር።

ይህን ሁሉ ተረድቶም ቢሆን ስሙን ደብቆ ለመቀጠል የሚፈልግ ሰው ይኖራል፤ ወይም እንደ እኔ ሌላ ሰው የደበቀው ራውተር ቤቱ ይቀመጥና ለጊዜው መግባት ይቸግረዋል። ለእሱ የሚጠቅመውን ከደረሰብኝ ተነሥቼ ልናገር።

በአንድሮይድ ስልክ አብዛኛው ሰው የሚሰናከለው በሁለት ቦታ ነው። የመጀመሪያው የደኅንነት ዓይነት የሚለው ምርጫ ነው፤ ስም በእጅ ሲጻፍ ይህ ምርጫ ሲከፈት "የለም" ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ሰው ስሙን ጽፎ የይለፍ ቃል መጻፊያ ቦታ ሲያጣ "ይሄ ምን ነካው?" ይላል፤ ቦታው የሚመጣው ደብሊዩ ፒ ኤ 2 የሚለው የምስጠራ ዓይነት ከተመረጠ በኋላ ነው። ሁለተኛው በ"የላቀ አማራጭ" ሥር ተደብቆ ያለው "የተደበቀ ኔትወርክ" የሚለው ጥያቄ ነው፤ እሱም "አይ" ላይ ይቆማል። "አዎ" ካልተደረገ ስልኩ ስሙን ስለማይጠራ፣ ኔትወርኩ ተቀምጦ ሳለ "በአካባቢው የለም" እያለ ይኖራል። ከተማሪዎቹ አንዱ ስልኩ አንድ ሜትር ላይ ካለው ራውተር "በአካባቢው የለም" ሲለው አይቻለሁ። በአይፎን "ሌላ" የሚለውን ነክቶ ስም፣ የደኅንነት ዓይነትና የይለፍ ቃል መሙላት ይበቃል። ዊንዶውስ ከሁሉም ይቀላል፤ "የተደበቀ ኔትወርክ" የሚለውን መስመር ሲነኩት ስሙንና የይለፍ ቃሉን ብቻ ይጠይቃል፣ የምስጠራውን ዓይነት ራውተሩ ከሚያሰራጨው ምልክት ራሱ ያነብባል፤ ይህም ምልክቱ ከስሙ በቀር ሌላውን ሁሉ እንደሚናገር ማስረጃ ነው።

አሁን ወደ ራውተሩ ልመለስ፤ ሁለተኛው ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነውና። የመደበቂያዋ ሣጥን አንድ አይደለችም፤ ለ2.4 አንድ፣ ለ5 ጊጋኸርዝ አንድ፣ በተለያየ ገጽ ላይ ተቀምጠዋል። ዋናው ገጽ ግን ሁለቱን ስም አንድ አድርጎ ስለሚያሳይ የትኛው እንደተደበቀና የትኛው እንዳልተደበቀ በአንድ እይታ ማወቅ አይቻልም። ስሙን ለመግለጥ ስወስን የ2.4ን ምልክት አነሣሁ፤ የ5ን አላነሣሁም፤ መኖሩንም አላወቅኩም። ውጤቱ እንግዳ ነበር። የእህቴ ስልክ ሳሎን ውስጥ ፈጣኑን 5 ጊጋኸርዝ ትቶ በዘገምተኛው ላይ ይንጠለጠላል፤ የተማሪው አዲስ ስልክ ደግሞ ሁለቱንም ያገኛል፤ ምክንያቱም ቀድሞ እንደተደበቀ አድርጎ መዝግቦታል። ለአንድ ሳምንት ያህል "የእኔ ስልክ ለምን ይዘገያል?" የሚል ጥያቄ ስመልስ ቆየሁ።

ከዚያም የመብራቱ ጉዳይ መጣ። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር 5 ጊጋኸርዙ አንድ ቀን ወዲያው ይገኛል፣ ሌላ ቀን ጨርሶ አይገኝም። የራውተሩ ቻናል "አውቶማቲክ" ላይ ስለተተወ፣ ራውተሩ በተነሣ ቁጥር ሌላ ቻናል ይመርጣል። በ5 ጊጋኸርዝ ከ52 ጀምሮ ያሉት ብዙዎቹ ቻናሎች ከራዳር ጋር የሚጋሩ በመሆናቸው፣ ራውተሩ ማሰራጨት ከመጀመሩ በፊት ቢያንስ አንድ ደቂቃ ሙሉ ራዳር አለመኖሩን ማዳመጥ አለበት። ስልኮችም በእነዚህ ቻናሎች ላይ ቀድመው እንዲጣሩ አይፈቀድላቸውም፤ ራውተሩ እስኪናገር ይጠብቃሉ። ራውተሩ ስሙን አይናገርም፣ ስልኩም ቀድሞ ለመጥራት አይደፍርም፤ ሁለቱ ተፋጥጠው ይቆማሉ። መፍትሔው ቻናሉን ከ36፣ 40፣ 44 ወይም 48 በአንዱ ላይ በእጅ ማሰር ነው። እኔ 44 ላይ ካሰርኩት ወዲህ ችግሩ አልተመለሰም። ይህን የገለጠልኝ የራውተሩ መመሪያ አልነበረም፤ መመሪያው ስለ ስም መደበቅ የሚለው ዓረፍተ ነገር አንድ ብቻ ሲሆን፣ እሱም "ለበለጠ ደኅንነት ስሙን ይደብቁ" የሚል ነው።

ስለ ማተሚያ ማሽኑ በአጭሩ፦ ማሽኑ ትንሽ መስኮትና ሦስት ቁልፍ ብቻ አለው። በእነዚያ ሦስት ቁልፎች የግዕዝ ፊደል መጻፍ አይቻልም። በአንድ ቁልፍ የሚያገናኘው ደብሊዩ ፒ ኤስ የሚባለው መንገድ ደግሞ ስሙ ሲደበቅ በእኔ ራውተር ላይ ሥራውን ያቆማል። እውነቱን ለመናገር ደብሊዩ ፒ ኤስ መጥፋቱ አያስቆጭም፤ ስምንት አሃዝ ያለው የሚስጥር ቁጥሩ በሁለት ተከፍሎ ስለሚረጋገጥ 11,000 ሙከራ እንደሚበቃው እ.ኤ.አ. በ2011 ታይቷል፤ ከዚያ ወዲህ በቁጥር የሚሠራውን ማጥፋት ነው የሚመከረው። ማተሚያውን ግን በገመድ ነው የፈታሁት።

ስሙን ጨርሶ የረሳ ሰውም አለ። የመደብሩ ልጅ ከእኔ በፊት ለገጠመለት አንድ ጎረቤቴ ስሙን ሳይጽፍለት ሄዶ ኖሮ፣ ሰውየው የይለፍ ቃሉን በወረቀት ይዞ፣ የምን ይለፍ ቃል እንደሆነ ግን ሳያውቅ ቆይቷል። በቀጥታ ሄዶ ከጀርባ ያለችውን ቀዳዳ በመርፌ ተጭኖ ራውተሩን ወደ ፋብሪካ ሁኔታ መለሰው። ስሙ ተገለጠ፤ ኢንተርኔቱ ግን ጠፋ፤ ምክንያቱም ከአገልግሎት ሰጪው የተሰጠው የመለያ ስምና የይለፍ ቃልም አብሮ ተሰርዟል። እሱን እንደገና ለማግኘት ወረፋ ይዞ ግማሽ ቀን ዋለ። ስለዚህ መርፌ ከመፈለግ በፊት አንድ ሜትር የኔትወርክ ገመድ መፈለግ ይሻላል፤ በገመድ የገባ ሰው ስሙን አይጠየቅም፣ ገጹን ከፍቶ የተጻፈውን ማንበብ ይችላል። የመግቢያው ስምና የይለፍ ቃል ካልተቀየረ ከራውተሩ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ። ካልተቀየረ ደግሞ መቀየር አለበት፤ ልጁ የእኔን ሳይቀይር ነበር የሄደው። ስም ደብቆ የማስተካከያ ገጹን ቁልፍ በፋብሪካው ቃል መተው፣ መስኮቱን ጋርዶ በሩን ክፍት ጥሎ እንደመሄድ ነው።

አሁን ስሙ በሁለቱም ሞገድ ላይ ግልጽ ነው፤ "ጂረን ሰፈር" ይላል፤ እህቴም ነክታው ትገባለች። ጎረቤት እንዳይገባ የሚከለክለው አራት የማይዛመዱ ቃላት ተያይዘው የተሠሩበት ረጅም የይለፍ ቃል ነው። ምስጠራውን ደብሊዩ ፒ ኤ 2 እና አዲሱ ደብሊዩ ፒ ኤ 3 በአንድነት ላይ አድርጌዋለሁ፤ ሁሉንም በደብሊዩ ፒ ኤ 3 ብቻ ለማድረግ ብሞክር የእህቴ የድሮ ታብሌት አልገባ አለ። ለተማሪዎቹ ደግሞ የእንግዳ ኔትወርክ የሚባለውን፣ ከቤቱ የተለየ ስምና የይለፍ ቃል ያለውን፣ ከፍቼላቸዋለሁ፤ ይህ ራውተሩ በሚገባ የሚሠራው ነገር ነው። ተከራይ ሲቀየር የእንግዳውን የይለፍ ቃል ብቻ እቀይራለሁ፤ የቤቱ ሰው አይነካም። መጀመሪያውኑ ልጁ ከስም መደበቅ ይልቅ ይህንን ቢያሳየኝ ኖሮ ከተማሪዎቹ ጋር የነበረው ጉዳይ ሁሉ በአምስት ደቂቃ ያልቅ ነበር።

መደብሩን በሚመለከት፣ ቅሬታዬን ይዤ ስሄድ አልተቆጡም፤ ባለቤቱ በርጩማ ሰጥተውኝ ቡና አስቀርበው አዳመጡኝ። ስለ ስሙ መቆረጥ ስነግራቸው አላመኑኝም፤ ሌላ ራውተር ከካርቶኑ አውጥተው በፊቴ አሥራ አንድ ፊደል ጻፉበት፤ እሱም ቆረጠው። "አይ ጌታዬ፣ እኛ የምንጽፈው በላቲን ስለሆነ አይተነው አናውቅም" አሉኝ። ይህን ማለታቸውን ወድጄዋለሁ። ዋስትናው ግን አንድ ዓመት ነው ቢባልም ዕቃው የሚጠገነው አዲስ አበባ ተልኮ ስለሆነ፣ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ እስኪመለስ ያለ ኢንተርኔት መቆየት እንዳለብኝ ከመግዛቴ በፊት አልተነገረኝም። ገዢ ይህን አስቀድሞ ይጠይቅ።

ዕቃውን ልግዛው ወይ ለሚለኝ፣ አዎ፤ ጭቃ ቤትና ቆርቆሮ ጣሪያ ላለው ግቢ ሞገዱ ይበቃል፤ የእንግዳ ኔትወርኩም ተከራይ ላለው ሰው ይጠቅማል። የማስተካከያ ገጹ ግን የተሠራው በግዕዝ ይጻፍበታል ብሎ ባላሰበ ሰው ስለሆነ፣ በአማርኛ ስም የሚሰጥ ከአሥር ፊደል አይለፍ፤ አሥሩን ከሞላ ደግሞ ክፍት ቦታው ከሁለት አይብለጥ፤ ካስቀመጠ በኋላም ገጹን እንደገና ከፍቶ የመጨረሻዋ ፊደል መኖሯን ይይ። ገጣሚ ባለሙያ "ስሙን ልደብቅልዎት?" ካለ ደግሞ "የእንግዳ ኔትወርኩን ክፈትልኝ" ይበለው።

አንድ የቀረ ሥራ አለ። ራውተሩ ላይ ስሙ ቢገለጥም፣ በስልኮቹ ላይ እንደተደበቀ ሆኖ የተመዘገበው እስኪሰረዝ ድረስ ስልኮቹ መጣራታቸውን አያቆሙም። የቤቱን ስልኮች ሁሉ "እርሳ" ብዬ እንደገና አስገብቻቸዋለሁ። ያልደረስኩበት የታናሽ ወንድሜ ስልክ ነው፤ ለበዓል መጥቶ አስገብቶት ወደ ቦንጋ ተመልሷል። ደውዬ እንዲያጠፋው ነግሬዋለሁ፤ "እሺ" ብሏል፤ እሱን የሚያውቅ ግን ስልኩ ዛሬም ቦንጋ ላይ "ጂረን ሰፈር፣ ጂረን ሰፈር" እያለ እንደሆነ አይጠራጠርም።